የመንጃ ትምህርት ከትምህርት ቤት ይውጣ ወይስ ይቀጥል? ለአንድ አባት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ “የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሁለቱን ወንዶች ልጆቼን መኪና ያስተማርኳቸውም እኔው ነኝ። አሁን ትንሿ ልጄ ፐርሚት (የለማጅ ፈቃድ) ልታወጣ ደርሳለች። በዚህ መሃል በበጀት ስብሰባ ላይ ድራይቨርስ ኤድ (የመንጃ ትምህርቱ) ከትምህርት ቤት ይውጣና ገንዘቡ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ አስተማሪ ይዋል የሚል ሐሳብ መጣ። አንዳንዱ ወላጅ ‘ጥናቱም አደጋ አይቀንስም ብሏል’ ይላል። እውነት ነው? የመንግሥት ትምህርት ቤት ለዚህ መክፈሉን መቀጠል አለበት? ተነስተህ ተናገር ብባል ምን ልበል?”

ወንድሜ፣ አጭሩ መልሴ ይቀጥል የሚል ነው። ይህን የምለው ግን ደጋፊዎቹ ስብሰባ ላይ በሚያነሱት ምክንያት አይደለም። “ልጆቹ ትምህርቱን ከወሰዱ አይጋጩም” የሚለው ክርክር ማስረጃ ሲጠየቅ አይቆምም፤ እርስዎም እሱን ይዘው ከተነሱ መልስ ያጣሉ። እኔ እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ታዳጊዎችን በክፍልም በመኪናም ሳስተምር የኖርኩ ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ እንጀራዬም ነው። ቢሆንም የማይመቸኝን ማስረጃ ደብቄ ልመክርዎ አልፈልግም። ስለዚህ ከተቃዋሚዎቹ ጠንካራ ነጥብ ልጀምር።

“ጥናቱ” የሚሉት ነገር ሥሩ፣ እነሱ ባያውቁትም፣ ጆርጂያ ነው፤ ዲካልብ ካውንቲ፣ ዛሬ ክላርክስተን አካባቢ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ወጪውን ችሎ እዚያ 16,000 ያህል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ በዘመኑ ምርጥ የተባለውን ሥልጠና አገኙ፦ ከ70 ሰዓት በላይ፣ በክፍል፣ በሲሙሌተር (መንዳትን በሚያስመስል ማሽን)፣ በተከለለ ሜዳ፣ በመንገድ ላይ፣ በምሽትም ጭምር። ሁለተኛዎቹ ፈተና ለማለፍ ያህል የሚበቃ አጭር ትምህርት ተሰጣቸው። ሦስተኛዎቹን ትምህርት ቤቱ ምንም አላስተማራቸውም፤ ከአባትም ከእናትም እንደተመቻቸው ተማሩ። ከዚያ መንጃ ፈቃድ ማን እንዳወጣ፣ ማን እንደተጋጨና ማን እንደተቀጣ ለዓመታት በመዝገብ ተከታተሏቸው።

በዕጣ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ዕጣ ባይኖር ትምህርቱን ፈልገው የሚመዘገቡት ድሮም ጥንቁቅ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው፤ በኋላ የተማሩት ያነሰ ተጋጩ ቢባል የትምህርቱ ሥራ ይሁን የቤተሰቡ መለየት አይቻልም። ዕጣ ይህን ጥርጣሬ ያጠፋል። ዲካልብ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው።

ውጤቱ የሙያው ሰዎችን አሳዘነ። ምርጡን ሥልጠና ያገኙት ልጆች መንጃ ፈቃድ ካወጡ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ገደማ ትንሽ የተሻሉ ነበሩ፤ ከዚያ ልዩነቱ ጠፋ። ይባስ ብሎ የሠለጠኑት ልጆች ከሌሎቹ ቀድመው ስለነበር መንጃ ፈቃድ ያወጡት፣ ከሁሉም ልጆች አንጻር ሲሰላ ትንሿ ጥቅምም አልታይ አለች። ጥናቱ በ1983 ታትሞ ወጣ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች በ1986 ቁጥሩን መልሰው ሲመረምሩት፣ ለምርጡ ሥልጠና የተመደቡት ልጆች ቀድመው ስለሚነዱ እንዲያውም ይበልጥ ተጋጭተዋል አሉ። ከዚህ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት ለመንጃ ትምህርት የነበረው ፍቅር ቀዘቀዘ። በየስቴቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች በመኪና የሚሰጠውን ክፍል ዘጉት፤ ብዙዎቹ የክፍሉንም ተዉት፤ ሥራው ለግል ማሠልጠኛዎች ተላለፈ።

ከዲካልብም በፊት ኮነቲከት ነበረች። በ1976 ስቴቱ ለመንጃ ትምህርት የሚሰጠውን ገንዘብ አቋረጠ። አንዳንዱ ከተማ ከራሱ ካዝና ከፍሎ ቀጠለ፣ ሌላው አቆመ። ባቆሙት ከተሞች 16 እና 17 ዓመት ላይ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣው ልጅ ቁጥር በጣም ወረደ፤ የዚያ ዕድሜ ግጭትም አብሮ ወረደ። ልጆቹ የተሻሉ ሾፌሮች ሆነው አይደለም፤ ስላልነዱ ነው። ተቃዋሚዎቹ ይህን ካነሱብዎ እውነት ነው ይበሉ። እውነት ነው።

ነገር ግን እነዚህ ሁለቱም ነገሮች የሆኑት መቼ ነው ብለው ይጠይቁ። ያኔ በአብዛኛው ስቴት አንድ የ16 ዓመት ልጅ ፈተናውን ባለፈ በዚያው ቀን ሙሉ መንጃ ፈቃድ ይይዛል። ማታ በአምስት ሰዓት አራት ጓደኞቹን ጭኖ ሃይዌይ ቢወጣ ከልካይ የለውም። ትምህርት ቤቱ ያደረገው ነገር ልጁን ወደዚያ በር ቶሎ ማድረስ ነበር። ጉዳቱ የመጣው ከበሩ ነው። ትምህርቱ ልጁን አላበላሸውም፤ አፈጠነው እንጂ።

ዛሬ በሩ እንደዚያ አይደለም። ኒውዚላንድ በ1987 መንጃ ፈቃድን ደረጃ በደረጃ መስጠት ጀመረች፤ እዚህ አገር ፍሎሪዳ በ1996 ቀድማ ሙሉውን ተቀበለች፤ ከዚያ ሁሉም ስቴት በየመልኩ ተከተለ። የ16 ዓመት ልጆችን ግጭት ከ20 እስከ 40 በመቶ ቀንሷል ተብሎ በተደጋጋሚ የተረጋገጠው ይህ ሕግ ነው። በመንጃ ትምህርት ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ያስመዘገበ ሥልጠና የለም።

የእኛን የቨርጂኒያን ሕግ ልጅዎ ስለደረሰች በዝርዝር ልንገርዎ። ፐርሚት በ15 ዓመት ከ6 ወር ይወጣል። ቢያንስ ለዘጠኝ ወር መያዝ አለባት፤ ስለዚህ መንጃ ፈቃዱ ከ16 ዓመት ከ3 ወር በፊት አይገኝም። በእነዚያ ወራት ከአዋቂ ጋር 45 ሰዓት መንዳት አለባት፤ ከዚያ ውስጥ 15 ሰዓቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣች በኋላም በመጀመሪያው ዓመት ከቤተሰብ ውጭ ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ሰው ከአንድ በላይ አትጭንም፤ 18 ዓመት እስኪሞላት ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ አሥር ሰዓት አትነዳም። እነዚህ ክልከላዎች ከሌላ ቦታ አልመጡም፤ ታዳጊ የሚሞተው በሌሊት እና መኪናው በእኩዮቹ ሲሞላ መሆኑን ከቆጠሩ ሰዎች ነው የመጡት። ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ነጂዎች በተነዳ ማይል ሲሰላ ሰው በሚሞትበት ግጭት ውስጥ የሚገኙት 20 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። በ2020 ብቻ ከ13 እስከ 19 ዓመት የሆኑ 2,800 ያህል ታዳጊዎች በዚህ አገር በመኪና አደጋ ሞተዋል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሕጉ የመንጃ ትምህርት ግዴታ ያደርጋል፦ 36 ክፍለ ጊዜ በክፍል፣ 14 ክፍለ ጊዜ በመኪና፤ ከአሥራ አራቱ ግማሹን ትነዳለች፣ ግማሹን ኋላ ተቀምጣ ሌላው ልጅ ሲነዳ ታያለች። የክፍሉ ትምህርት በብዙ ትምህርት ቤቶች በአሥረኛ ክፍል የጤና ትምህርት ውስጥ ይሰጣል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ መጣሁ። ይህ ሁሉ ግዴታ የተጻፈው ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ልጅ ነው። 18 ከሞላው በኋላ ዘጠኝ ወሩ ይቀራል፤ ወላጅ የሚፈርምበት 45 ሰዓት ይቀራል፤ የሌሊቱ ክልከላ ይቀራል። መንጃ ፈቃድ ይዞ የማያውቅ የ18 ዓመት ወጣት ፐርሚቱን 60 ቀን ከያዘ ያለ ምንም ትምህርት ሄዶ መፈተን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ለእሱም የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። መሪ ላይ አዲስ ሰው አዲስ ነው፤ ሁለት ዓመት መጠበቁ ወደ ግራ መታጠፍን አያስተምረውም።

ታዲያ 18 እስኪሞላው የሚጠብቀው ማነው? እኔ የማውቀውን ልንገርዎ። ቤቱ አንዲት መኪና ብቻ ያለች፣ እሷንም አባቱ ለሥራ ይዟት የሚወጣ ልጅ ነው። እናቱ ማታ ነርሲንግ ሆም የምትሠራ፣ ቀን የምትተኛ ልጅ ናት። የግል ማሠልጠኛ የሚጠይቀው ጥቂት መቶ ዶላር ከቤት ኪራይ ጋር የሚፎካከርበት ቤት ነው። ኦሃዮ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ በመረጃ አሳይተዋል፦ ድሃ በሚበዛበት ሰፈር ሥልጠናውን ከ18 በፊት የሚጨርሰው ልጅ ያነሰ ነው፤ 18 ሲሞላቸው ያለ ትምህርቱና ያለ ደረጃዎቹ መንጃ ፈቃድ ያወጡት ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ከ16 እና ከ17 ዓመቶቹ ይበልጥ ይጋጫሉ። ኦሃዮ ይህን አይታ ሙሉው የመንጃ ትምህርት ግዴታ እስከ 21 ዓመት እንዲዘልቅ ሕጓን ቀይራለች።

እንግዲህ ትምህርት ቤቱ መክፈሉን ሲያቆም ግዴታው ከሕጉ አይወጣም። ያለው ይከፍላል፣ ልጁም በደረጃዎቹ በኩል ያልፋል። የሌለው ይጠብቃል፣ በ18ኛ ዓመቱም ጥበቃ በሌለበት በር ይገባል። እኔ “ይቀጥል” የምለው በዋነኝነት ለዚህ ነው። የትምህርት ቤቱ ገንዘብ የሚገዛው ትልቁ ነገር የክፍሉ ትምህርት አይመስለኝም፤ ልጁን በዚያ ዘጠኝ ወርና በዚያ 45 ሰዓት ውስጥ ማስገባቱ ነው።

ትምህርቱ ራሱስ ምንም አይጠቅምም ማለት ነው? እንዲያ አልልም። ኔብራስካ ውስጥ ከ150,000 በላይ ወጣት ነጂዎችን ከ2003 እስከ 2010 የተከታተለ ጥናት አለ። እዚያ ልጁ ወይ የመንጃ ትምህርት ይወስዳል፣ ወይ በምትኩ 50 ሰዓት ከአዋቂ ጋር መንዳቱን በወረቀት ሞልቶ ያቀርባል። ትምህርቱን ከወሰዱት በመጀመሪያው ዓመት የተጋጩት 11.1 በመቶ፣ ካልወሰዱት 12.9 በመቶ ነበሩ። በትራፊክ ጥፋት የተቀጡት ደግሞ ከወሰዱት 10.4 በመቶ፣ ካልወሰዱት 18.3 በመቶ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የቤተሰብ ገቢንና ሌሎችንም ነገሮች ግምት ውስጥ አስገብተዋል፤ ዕጣ ግን አልነበረም፤ ስለዚህ የዲካልብን ያህል ክብደት አልሰጠውም። ከግጭቱ ልዩነት የቅጣቱ ልዩነት መስፋቱ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ሕግ ማክበርን ማስተማር ይቻላል፣ አደጋን ቀድሞ ማየት ግን በክፍል ውስጥ በቀላሉ አይገባም።

ሰሜን ካሮላይናን ደግሞ የትምህርት ቦርዱ ፊት ያንሱት። እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሁንም 30 ሰዓት በክፍል፣ 6 ሰዓት በመኪና ያስተምራሉ፤ ከወላጅ የሚጠየቀውም ቢበዛ 65 ዶላር ነው። በ2015 የስቴቱ ገንዘብ ሊቋረጥ ተቃርቦ አንዳንድ ዲስትሪክቶች ትምህርቱን በበጋው አቆሙ፤ ልጆች በተጠባባቂ መዝገብ ተከማቹ፤ ወላጆች ጮኹ። በመጨረሻ ምክር ቤቱ ከቅጣት ከሚሰበሰብ ገንዘብ ወጪውን ሸፈነ። ጆርጂያም በመኪና አደጋ በሞተ ወጣት ስም በሚጠራው ሕጓ ለመንጃ ትምህርት ድጎማ ያወጣችው በትራፊክ ቅጣት ላይ ከጨመረችው ክፍያ ነው። ይህ መንገድ ፍትሐዊ ይመስለኛል። በፍጥነት ነድቶ የተቀጣው ሰው ለልጆቹ ሥልጠና ቢከፍል ከሒሳብ አስተማሪው ደሞዝ ምንም አይነካም።

የሒሳቡን አስተማሪ ነገር ግን እንዲሁ አልፌው አልሄድም። የእንግሊዝኛ ድጋፍ የሚሹት ልጆች በብዛት የእኛው ልጆች ናቸው፤ ለእነሱ አስተማሪ ይቀጠር የሚል ወላጅ ጠላቴ አይደለም። ስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ “የሚቆረጠው ገንዘብ የክፍሉ ነው ወይስ የመኪናው?” የክፍሉ ትምህርት የሚሰጠው በጤና ትምህርት ሰዓት፣ በስፖርትና ጤና አስተማሪ ነው። መንጃ ቢቀር ሰዓቱ አይቀርም፣ አስተማሪውም አይቀርም፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር ይማራሉ እንጂ የሒሳብ አስተማሪ አይቀጠርበትም። ውዱ የመኪናው ክፍል ነው፦ ተጨማሪ ፍሬን የተገጠመለት መኪና፣ ኢንሹራንስ፣ ነዳጅ፣ ለአንድ አስተማሪ ሁለት ሦስት ልጅ ብቻ። ከዚያም ቢሆን በብዙ ቦታ ወላጅ ክፍያ ይከፍላል። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ተለያይተው ይቅረቡ ይበሉ። ተደምረው ሲቀርቡ ቁጠባው ካለው በላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል።

አሁን ስለ እርስዎ። “ሁለቱን ልጆቼን እኔው አስተማርኳቸው” ብለዋል፤ ታክሲ ለዓመታት በነዳ ሰው እጅ ማለፋቸው መታደል ነው። የሚያስፈልጋቸውን ያን ብዙ ሰዓት ከወላጅ በቀር ማንም አይሰጣቸውም። እኔ ከአንድ ልጅ ጋር በመሪው ላይ የማሳልፈው ሰባት ክፍለ ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ። በዚያ ሰዓት ሾፌር አይወጣም፤ ይህን የሚልዎ አስተማሪ ካለ አይመኑት።

ግን ከወላጅ ጎን ተቀምጬ ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር አለ። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ነው እንበል፤ ቀስት የሌለው አረንጓዴ መብራት። ልጅቷ መገናኛው መሃል ገብታ ትጠብቃለች። ዓይኗ መብራቱ ላይ ነው። መሪውን ከወዲሁ ወደ ግራ አዙራዋለች። ከፊት ለፊቷ እንደሷ ወደ ግራ የሚታጠፍ ትልቅ ቫን ቆሟል፤ ከቫኑ ጀርባ ባለው ሌን በ35 ማይል የሚመጣ መኪና አለ፣ አይታያትም። ከኋላዋ አንዱ ጥሩምባ ነፋ። ሄደች። አባትየው “ፍሬን! ፍሬን!” ብሎ ጮኸ።

አባትየው ቫኑን ካየ ቆይቷል። ጀርባው መኪና ሊኖር እንደሚችልም ያውቃል። ጎማዋ ዞሮ እንደቆመ አስተውሎ ይሆናል፤ ከኋላ ቢገጯት በቀጥታ ወደሚመጣው መኪና እንደምትገፋ ግን አልነገራትም። ችግሩ ዕውቀት አይደለም። ብዙ ዓመት የነዳ ሰው የሚያየውን ስለማያውቀው አይናገረውም፤ ዓይኑ በራሱ ይሠራል። የታዳጊዎች ከባድ ግጭቶች ሲመረመሩ ግማሽ ያህሉ ከሦስት ስሕተቶች በአንዱ ነው የሚመጡት፦ በቂ ሳያዩ መግባት፣ ለሁኔታው በማይመጥን ፍጥነት መንዳት፣ ሐሳብ መከፈል። መሪ መያዝና ፍሬን መርገጥ ዋናው ችግር አይደለም፤ እሱን ልጆች በሁለት ሳምንት ይለምዱታል። የሚቸግራቸው የት ማየት እንዳለባቸው ነው።

ጥሩ አስተማሪ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልጅቷ እየነዳች የምታየውን ጮክ ብላ እንድትናገር ያደርጋታል። “ቫን አለ፣ ጀርባው አይታየኝም፣ ጎማዬ ቀጥ ብሏል፣ ቫኑ እስኪሄድ እጠብቃለሁ።” እርስዎም ቤት ይህን ያድርጉ፤ በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ። ዝም ካለች አላየችም ማለት ነው። እርስዎ ሲነዱ ደግሞ ከጎንዎ አስቀምጠው እርስዎ ይናገሩ።

ለዚህ ነው “ይቀጥል፣ ግን ባለበት መልክ አይደለም” የምለው። በብዙ ትምህርት ቤት የክፍሉ ሰዓት የመንገድ ምልክት በማስሸምደድና የሚያስደነግጥ የአደጋ ቪዲዮ በማሳየት ያልቃል። ያ ሰዓት አደጋን ቀድሞ በማየት ልምምድ ቢሞላ እመርጣለሁ። እንግሊዝ ከ2002 ጀምሮ የጽሑፍ ፈተናዋ ውስጥ ልጁ ቪዲዮ እያየ አደጋ ሊፈጠር ሲል እንዲጠቁም የሚጠይቅ ክፍል አስገብታለች፤ ይህን በትምህርት ቤት ኮምፒውተር መለማመድ ርካሽ ነው። በተቃራኒው አንዳንድ ወላጅ “በበረዶ ላይ መንሸራተትን አስተምሩልን” ይላል። ኖርዌይ በ1979 የሚያንሸራትት መንገድ ላይ መንዳትን ግዴታ አድርጋ ነበር፤ የወጣት ወንዶች ግጭት ጨመረ። ቻልኩ ብሎ ያሰበ ልጅ ፍጥነቱን አይቀንስም።

ሌላው የወላጆች ስብሰባ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ወላጅ ከልጁ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል የሚቀመጥበት ክፍለ ጊዜ ግዴታ ነው። ብዙ ወላጆቻችን ከሥራ ተጣድፈው መጥተው፣ በፍጥነት የሚነገር እንግሊዝኛ ሰምተው፣ ፈርመው ይሄዳሉ። በአማርኛ ቢሰጥ፣ 45 ሰዓቱ እንዴት እንደሚሞላና የቤት ደንብ እንዴት እንደሚወጣ በግልጽ ቢነገር፣ ከአንድ ወር የክፍል ትምህርት ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ያ 45 ሰዓት በፊርማ ብቻ የሚሞላባቸው ቤቶች እንዳሉ ማንም አስተማሪ ያውቃል። መኪና ውስጥ በገባን በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃ ይታወቃል፤ በተለይ ማታ ነድቶ የማያውቅ ልጅ ሲመሽ ትከሻው ይደርቃል፣ ከፊት ከሚመጣው መብራት ላይ ዓይኑን አያነሳም።

ልጅዎን በተመለከተ፦ ፐርሚቷን 15 ዓመት ከ6 ወር እንደሞላት ታውጣ፤ ግን መንጃ ፈቃዱን ዘጠኝ ወሩ ባለቀበት ቀን ማውጣት ግዴታ የለባትም። ዓመት ሙሉ አብራችሁ ብትነዱ፣ ክረምቱንም አብራችሁ ብታዩት ይሻላል። የምሽቱን 15 ሰዓት በተለያየ ቦታ ይከፋፍሉት፦ መብራት የሌለው የሰፈር መንገድ፣ ዝናብ ያለበት ማታ፣ 395 ሃይዌይ ላይ መግባትና መውጣት። ለሴት ልጅ መኪናውን ከወንድሞቿ ያነሰ ሰዓት የሚሰጥ ቤት በማኅበረሰባችን አይቻለሁ፤ እባክዎ ያንን አያድርጉባት።

ስብሰባው ላይ ደቂቃዎ አጭር ስለሆነ እንዲህ ቢሉ እመክራለሁ። ትምህርቱ ብቻውን አደጋ ይቀንሳል ብለን አንከራከርም። ሕጉ ከ18 በታች ላለው ልጅ ግዴታ አድርጎታልና፣ ትምህርት ቤቱ ሲያቆም የሚቀረው የድሃ ልጅ ነው፤ እሱም 18 ሲሞላው በ60 ቀን ፐርሚት ብቻ ያለ ምንም ትምህርት ለመንዳት ይወጣል። ስለዚህ የክፍሉ ይቀጥል፤ የመኪናው ክፍያ በቤተሰብ ገቢ ይመዘን፣ የምሳ ድጎማ ለሚያገኙ ልጆች ነፃ ይሁን። የወላጆች ስብሰባ በአማርኛ፣ በስፓኒሽና ወላጆች በሚናገሩት በሌላውም ቋንቋ ይሰጥ። መቁረጥ ግድ ከሆነም ከሚችለው ወላጅ ላይ ክፍያው ይጨመር እንጂ የማይችለው ልጅ ወንበሩን አይጣ። ከዚያ ቦርዱን ባለፈው ዓመት ስንት ልጆች የክፍሉን ጨርሰው የመኪናውን ሳይወስዱ እንደቀሩ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ ዲስትሪክቱ መዝገቡ አለው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይጠይቁ።